በራሪ ወፍን ፎቶ ማንሳት፦ ከሱሉልታ ሜዳ እስከ ኮምፒውተራችሁ

የመጀመሪያ ዓመቴን ፎቶዎች ብታዩ ሁሉም አንድ ናቸው። ነጭ ሰማይ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ። ነጠብጣቡ ወፍ ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ የወፍ ጅራት ነው። እኔ ሳባርራት እሷ ትሄዳለች፤ የምትሄድ ወፍ የምታሳየው ጀርባዋን ነው። ጥፋቱ የካሜራው መስሎኝ ከጓደኛዬ ትልቅ ሌንስ ተዋስኩ። በተዋስኩት ሌንስ ትልቅ ጅራት አነሳሁ።

ነገሩ የሌንስ ሳይሆን የእግር ጉዳይ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፎቶውን የሚወስነው የት ቆማችሁ እንደጠበቃችኋት ነው። ኤዲቲንግም ቢሆን የቆማችሁበትን ቦታ አይቀይርላችሁም። ስለዚህ እዚህ ላይ ብዙ የምናወራው ስለ አቋቋም ነው። ስለ ማሽኑ ቶሎ ብለን እንለፍ።

ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ

ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሆነ ተራ ሌንስ ይበቃል። ከ55 እስከ 250ውም ይሠራል። ብዙዎቻችን የያዝነው አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ካሜራ ነው፤ እሱ ላይ 300 ሚሊሜትሩ እንደ 450 ሆኖ ያቀርብላችኋል። ስልክ ብቻ ያላችሁ ደግሞ አንዷን ወፍ ተዉና መንጋውን ከነሜዳው አንሱ። ከዙም ጋር መታገሉ ትርፍ የለውም።

ትርፍ ባትሪ ያዙ። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳው ውርጭ ነው፣ ባትሪ ደግሞ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ትርፉን ባትሪ ከሰውነታችሁ ጋር የሚጠጋ ኪስ ውስጥ አድርጉት። ጋቢም አይቅር። ይሞቃል፣ ታጥፎ ይቀመጡበታል፣ ድንጋይ ላይ ጣል ሲያደርጉት ደግሞ ሌንስ ያስደግፋል።

ካሜራውን አንዴ አስተካክላችሁ እርሱት

የሹተር ፍጥነት፣ ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/2000 ሰከንድ። ዝግ ብለው ለሚቀዝፉት እንደ ሽመላ ላሉት 1/1250 ይበቃል፤ ለርግብ 1/2500 ይሻላል። አፐርቸሩን፣ የሌንሱን ቀዳዳ ማለት ነው፣ ሌንሳችሁ እስከቻለ ክፈቱት፣ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3። ፎከሱን የሚንቀሳቀስ ነገር ወደሚከተለው አድርጉት። ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ ይባላል፣ ኒከንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ-ሲ። አንዴ ተጭናችሁ ብዙ ፎቶ የሚያነሳውን ተከታታይ ተኩሱን ክፈቱ። ፋይሉ ሮው ይሁን፣ ካሜራው ያየውን ሳይቀንስ የሚያስቀምጠው፤ ጄፔግ ላይ ብርሃን በዝቶበት የነደደ ነጭ ላባ ተመልሶ አይመጣም።

አሁን ሁሉም ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ጋ ደረስን። ካሜራው ሰማዩን ያይና «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጨልማል። ወፏ ጥቁር ነጠብጣብ የምትሆነው እዚህ ላይ ነው። አይኤስኦው፣ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ አውቶ ከሆነ ኤክስፖዠሩን፣ የፎቶውን ብርሃን፣ በ1 ወይም በ1.7 ከፍ አድርጉት። ችግሩ፣ ያቺው ወፍ ከሰማይ ወርዳ በባሕር ዛፍ ጫካ ፊት ስታልፍ ሒሳቡ ይገለበጣል። ያኔ ነጯ ሳቢሳ ነድዳ ትቀራለች።

ስለዚህ እኔ ሰማዩ ጥርት ካለ ሁሉንም በእጄ እቆልፋለሁ። ፀሐይ ገና እንደወጣች 1/2000፣ ኤፍ 6.3፣ አይኤስኦ 800 እጀምራለሁ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ አይኤስኦውን ወደ 400 አወርዳለሁ። የሚያበራላት ፀሐይ አንድ ስለሆነች ወፏ በሰማይ ፊት ብታልፍ በጫካ ፊት ብታልፍ ልኩ ያው ነው። ደመና ሲገባና ሲወጣ ከዋለ ግን ወደ አውቶው ተመለሱ።

መጀመሪያ ጭልፊት

በቀጥታ ወደ ሜዳ አትሂዱ። ከሰፈራችሁ ሉካንዳ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጭልፊቶቹን አንሱ። ትልልቅ ናቸው፣ አይቸኩሉም፣ አንድ ቦታ ላይ ይዞራሉ። እንደ መቀስ የተከፈለ ጅራታቸውን ወዲህና ወዲያ ሲያጣምሙ እዩ፤ መሪያቸው እሱ ነው። ጅራቱ ወደ ጎን ጠመም ሲል ጭልፊቱ ሊዞር ነው፣ ክንፉ ሊዘረጋላችሁ ነው። ከመቶ ፎቶ ሠላሳው ዓይኑ ጥርት ብሎ ሲወጣላችሁ ለሜዳ ደርሳችኋል። መንገደኛ «ምንድን ነው የምታነሳው?» ማለቱ አይቀርም። ለምዳችሁ ትተዉታላችሁ።

ቦታውና ሰዓቱ

ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዛችሁ እንጦጦን ስትሻገሩ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋላችኋል። በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፋችሁ ገፈርሳ አለ። ወደ ደቡብ የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ አለ፤ በበጋ ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው የሚከርሙበት ነው። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማዋ የመጠጥ ውኃ ግድቦች ስለሆኑ ጥበቃ አላቸው። ቀድማችሁ ጠይቁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ሌንሳችሁን ወደ ግድቡ ግንብ አታዙሩ። የገበሬ ማሳ ከሆነም ባለቤቱን ሰላም ሳትሉ አትግቡ።

ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ስደተኞች ከመስከረም ጀምሮ ይገባሉ። ለእኔ ምርጡ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቦታችሁ ላይ ሁኑ፤ ጥሩው ብርሃን ከ12 ሰዓት ተኩል ግድም እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከታረሰው መሬት ሲነሳ አየሩ እንደ ውኃ ይርገበገባል። የሩቅ ወፍ ይደበዝዛል፤ የፎከስ ስህተት መስሏችሁ ካሜራውን ስትነካኩ ትውላላችሁ። እንጦጦ ጫፍ ላይ ያላችሁ ግን 3 ሰዓት ላይ ወደ ቤት አትሂዱ። ንስርና ጭላት ለመንሳፈፍ የሚጠብቁት ይህንኑ ሙቀት ነው። ነፋሱ ገደሉን እየገፋ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከዓይናችሁ እኩል፣ አንዳንዴም ከእናንተ በታች ይበርራሉ። ጀርባቸውን ከነላባው የምታገኙት እዚያ ብቻ ነው።

ነፋሱ

አንድ ታኅሣሥ፣ እንደ ልማዴ ወፍ ሳባርር ውዬ፣ አንድ አውድማ ጥግ አረፍ አልኩ። አንድ አዛውንት መንሻቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የተወቃው እህል ከፊታቸው ተከምሯል። አይሠሩም።

«አባባ፣ ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«ነፋስ ነዋ!»

ትንሽ ቆይቶ መጣ። መንሹን ወደ ላይ አነሱት፤ ገለባው ወደ አንድ ወገን ሄደ፣ ፍሬው ወረደ። ያኔ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ከሜዳው የተነሱት ወፎች ሁሉ ነፋሱ ወደመጣበት ዞረው ነው የተነሱት። አንዷም ወደ ሌላ አልዞረችም።

ነገሩ ይህ ነው። ወፍ ስትነሳም ስታርፍም ፊቷን ለነፋሱ ትሰጣለች። በክንፏ ላይ የሚያልፈው አየር በበረታ ቁጥር ሰውነቷ ይቀልላታል። በእኛ አካባቢ በበጋ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው። የጠዋት ፀሐይም ከምሥራቅ ናት። ስለዚህ ከወፎቹ በስተምሥራቅ ስትቆሙ ፀሐይም ነፋስም ከጀርባችሁ ይሆናሉ፣ ወፏ ፊቷ በርቶ ወደ እናንተ ትመጣለች። እኔ ዓመቱን ሙሉ በስተምዕራብ ነበር የምቆመው። መንገዱ በዚያ በኩል ስለሆነ ብቻ።

ሁልጊዜ ምሥራቅ ነው ብላችሁ ግን አትተኙ። ማለዳ ነፋስ ላይኖር ይችላል። የደረቀ ሣር ቆንጥራችሁ ልቀቁ። ከጎጆዎቹ ጣራ የሚወጣውን ጭስ እዩ። ቀላሉ ደግሞ ሜዳው ላይ የቆሙትን ወፎች ማየት ነው፤ ነፋስ ካለ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ዞረው ነው የሚቆሙት።

ዳራውን ምረጡ፣ ወፏ ትመጣለች

ቦታችሁን ከያዛችሁ በኋላ ወፍ አትፈልጉ። ዞር ዞር ብላችሁ ከወፏ ጀርባ የሚሆነውን ፈልጉ። ሩቅ ያለ የባሕር ዛፍ ጋራ በጣም ጥሩ ነው፣ ደብዝዞ አረንጓዴ መጋረጃ ይሆናል። መስከረም ላይ የአደይ አበባ ቢጫ ካገኛችሁ ሌላ አትመኙ። የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ ያላለቀ ሕንፃ፣ ቆርቆሮ አጥር ካለ ሃያ እርምጃ ወደ ጎን ሂዱ። ሃያ እርምጃ ብዙ ነገር ያጠፋል፣ ያውም በነፃ።

መሬቱንም እዩት። አጨዳ ካለቀ በኋላ ቢጫው ቃርሚያ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሳል፤ የክንፏ ሥር ይበራል። በጥቁር እርሻ ላይ የምታልፈው ያቺው ወፍ ሆዷ ጨለማ ነው። ውኃም እንደ ቃርሚያው ያበራል።

ስትነሳ መያዝ

ሱሉልታና ገፈርሳ ላይ የምወዳት ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናት። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የለችም። ስትሄድ አመድማ ነገር ናት፣ አንገቷን ወደ ጀርባዋ ደገፍ አድርጋ ቀስ እያለች ትግጣለች፤ ልብ ሳትሏት ታልፋላችሁ። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ያ የተደበቀ ሰማያዊ ብቅ ይላል። ችግሩ መብረር አትወድም። አንድ ሰዓት ልታስጠብቃችሁ ትችላለች።

አንድ ቀን አንድ እረኛ ልጅ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድንጋይ አንስቶ «ላስነሳልህ?» አለኝ። እሺ አልኩት። ተነሱ። ስምንት ፎቶ፣ ስምንት ጅራት። የተባረረ ወፍ የሚሸሸው ከእናንተ ነዋ! ወፏን ከምግቧ ማፈናቀሉ ነውር መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለፎቶም አይረባም። አሁን ልጆቹ ሲመጡ ካሜራውን አሳያቸዋለሁ፣ አንድ ሁለት ፎቶ አነሳቸዋለሁ፣ ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ወፎቹ ማታ የት እንደሚያድሩ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ልትነሳ ስትል ምልክት አላት። ግጦሿን ታቆማለች። አንገቷን ታቀናለች፣ ራሷን ቶሎ ቶሎ ትነቀንቃለች። ወደ ነፋሱ ትዞራለች። ብዙ ወፎች ከመነሳታቸው በፊት ኩሳቸውን ይጥላሉ፤ ያን ስታዩ ጣታችሁ ሹተሩ ላይ ይሁን።

ሰውነታችሁን እንዲህ አድርጉ። እግራችሁን ወፏ ወደምትደርስበት አቅጣጫ ትከሉ፤ አሁን ወዳለችበት አይደለም። ከወገብ ተጣሞ ወደ እሷ መዞር ነው። ስትነሳ ወገባችሁ እየተፈታ ይከተላታል፣ መጨረሻው ላይ ቀጥ ብላችሁ ትገኛላችሁ። በተቃራኒው ካደረጋችሁት ግማሽ መንገድ ላይ ሰውነታችሁ እምቢ ይላል። ክርኖቻችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ። ዙሙን ወደ 200 መልሱና ወፏን ያዟት፣ ከያዛችኋት በኋላ አቅርቡ። ሹተሩን ከመጫናችሁ በፊት ጥቂት ተከተሏት፣ ፎከሱ ይያዝላችሁ። ከዚያ አራት አምስት ፎቶ፣ እረፍት፣ እንደገና። ጣታችሁን ተጭናችሁ ከቀራችሁ የካሜራው ጊዜያዊ ማኅደር ይሞላና ምርጧ ቅጽበት ላይ ይደርቅባችኋል። ደርሶብኛል። ዋትልድ አይቢስ የሚባሉት ወፎች እንደ ልማዳቸው እየተንጫጩ፣ ነጩን የክንፋቸውን ምልክት እያሳዩ በራሴ ላይ ሲያልፉ እኔ የምታበራ ቀይ መብራት አያለሁ።

ፍሬሙ ውስጥ ቦታ ተዉ። ክንፍ ይዘረጋል፣ የተቆረጠ ክንፍ ደግሞ ምንም ነገር አይቀጥለውም። ፊት ለፊቷ ከኋላዋ የበለጠ ክፍት ይሁን፤ የምትሄድበት እንዲኖራት። መንጋ ስታነሱ ቁጥሩ አያጓጓችሁ። አካላቸው ከተደራረበ አራት ክንፍ ያለው አንድ ፍጡር ነው የሚወጣው። በመካከላቸው ሰማይ እስኪታይ ጠብቁ። ሦስት ተለይተው የሚታዩ ወፎች ከሠላሳ የተጣበቁ ይበልጣሉ።

ማታ ቤት፦ መጣል

800 ፎቶ ይዛችሁ ገብታችኋል እንበል። መጀመሪያ ኤዲት የሚባል ነገር አትንኩ፤ ጣሉ። በመጀመሪያው ዙር ዓይኗ ያልጠራ ሁሉ ይውጣ። ክንፏ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዓይኗ ከደበዘዘ አለቀ። በሁለተኛው ዙር ክንፉን እዩ። ወደ ላይ የተነሳ ወይም ወደ ታች የወረደ ክንፍ ይቆይ። ከትከሻዋ እኩል የተዘረጋው ከጎን ሲታይ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፣ ይውጣ። በሦስተኛው ዙር ራሷ ወደ እናንተ ትንሽ ዘንበል ያለችበትን ለዩ። አሥራ ሁለት ከተረፈ ጥሩ ቀን ነበር። እኔ አራት ተርፎኝ ደስ ብሎኝ የተኛሁበት ሌሊት አለ።

አንዷን አብረን እንሥራ

ዝይዋ ከቀኝ ወደ ግራ እየተነሳች ናት፣ ከኋላዋ ጋራው ደብዝዟል። ከፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹ ኮምፒውተር ላይ ላይትሩም ክፍያ አለው፣ ዳርክቴብል ነፃ ነው፤ በስልክ ስናፕሲድ ነፃ ነው፣ የተንሸራታቾቹ፣ ብርሃንና ቀለም የሚጨምሩትና የሚቀንሱት፣ ስም ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው።

በመጀመሪያ ዘመሙን አስተካክሉ። የውኃው ዳር አንድ ዲግሪ ከዘመመ ዓይን ይረበሻል። ከዚያ ክሮፕ። የእኔ ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ ወደ 3600 በ2400 ቆረጥኩት። ዝይዋን ወደ ቀኝ ገፋ አድርጌ፣ በስተግራ የምትበርርበት ቦታ ትቼላታለሁ። የበለጠ ማስጠጋት ይቻል ነበር። ግን ጠርዙ ከክንፏ ጫፍ ጋር ሲነካካ ወፏ ሽቦ ቤት ውስጥ የታሰረች ትመስላለች። ካነሳችኋት ሩቅ ሆና ትንሽ ከወጣች ደግሞ በግድ አታግዝፏት። ሜዳውን፣ ጭሱን፣ ከብቱን አስገቡና ትንሽ ሆና ትታይ። እንደ እኔ እንደ እኔ የሱሉልታ ምርጥ ፎቶዎች እንዲህ ያሉት ናቸው።

ብርሃን። ሃይላይቱን፣ ደማቁን ክፍል፣ በ30 ዝቅ፣ ጥላውን በ35 ከፍ አደረግኩ። የክንፏ ሥር ላባ በላባ ተለየ። ወደ 80 ብወስደው ሁሉም ይታያል፣ ግን ጥላው ውስጥ የተኛው አሸዋ አሸዋ የሚለው ነገር ሁሉ ይነሳል፣ ወፏም ከውስጧ አምፖል የበራባት ትመስላለች። ወፍ ሆዷ ጥላ አለው፤ ይኑረው።

ቀለም። አውቶው ነጭ ሚዛን የማለዳውን ወርቃማነት «ስህተት» ብሎ ያጥበዋል። ወደ ፀሐይ ብርሃን፣ 5,200 ወይም 5,500 ኬልቪን መልሱት። ቀጥሎ ፈተና አለ፤ ያንን ሰማያዊ ክንፍ ማድመቅ ያምራችኋል። አታድርጉት። የእውነቱ ቀለም ፈዘዝ ያለ፣ አመድ የነካው ሰማያዊ ነው። ካደመቃችሁት የፕላስቲክ ዝይ ነው የምታገኙት፣ ወፏን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ወዲያው ይይዛችኋል።

ማለስለስና ማጥራት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው፣ ፎቶውን በሙሉ አንድ ላይ ስለሚያጠራው። ወፏን ለብቻ ምረጧት፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች አሁን በራሳቸው ይመርጣሉ። የማጥራቱን ሥራ እሷ ላይ ብቻ፣ ያውም ፊቷ ላይ። አሸዋውን የሚያጠፋው ማለስለስ ዳራው ላይ ብቻ። የዳራውን ኤክስፖዠር ከ0.2 እስከ 0.3 ያህል ዝቅ አድርጉት፤ ሰው አያስተውለውም፣ ዓይኑ ግን ወደ ወፏ ይሄዳል። በክንፏ ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ጠርዝ ካያችሁ አብዝታችኋል፣ ግማሹን መልሱ።

ጽዳት። ሰማይ ላይ የሴንሰር አቧራ ነጠብጣብ ካለ አጥፉ። ጥግ ላይ የገባች የሽቦ ቁራጭንም እኔ አጠፋለሁ። ሌላ ወፍ መጨመር፣ ሰማይ መቀየር፣ ጨረቃ መለጠፍ ግን አላደርግም። ያደረገ ሰው ቢያንስ ይናገር።

እዚህ ላይ ተነሱና ሻይ ጠጡ። ሲመለሱ የበዛው ነገር በራሱ ይታያል። እኔ ዘንድ ሁልጊዜ የሚበዛው ጥላው ነው።

ሲጨርሱ ሮውን አትሰርዙ። ጄፔጉን ረጅሙ ጎኑ 2048 ፒክስል፣ የቀለም ዓይነቱ ኤስአርጂቢ አድርጋችሁ አውጡ። ስሙ ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ «ይህች ገፈርሳ ናት ወይስ ሱሉልታ?» እያላችሁ ራሳችሁን አታደክሙም። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል፤ ያ ሁሉ ማለዳ የተጠበቀ ላባ ተድቦልቡሎ ነው የሚደርሰው።